ሃያ አራት ቅጂ

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከቁጥር ጋር ነው፤ ሆኖም ቁጥር እምብዛም አያስደንቀኝም። ሚሊዮን ብር በእጄ ሲያልፍ ልቤ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሰው ገንዘብ ነዋ! አንድ ቁጥር፣ ያውም እጅግ ትንሽ ቁጥር፣ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥቶኝ ከረመ ብል ግን ሳትታዘቡኝ አትቀሩም። ቁጥሩ 24 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዐሥር ዓመት ያህል የጻፍኋቸውን ግጥሞች በአንድ ደብተር ሰብስቤ ወደ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድሁ። ያስተናገደኝ ሰው ደብተሩን ሳይገልጥ በእጁ መዘን መዘን አደረገና ከአንድ ሺህ ቅጂ በታች እንደማያትሙ ነገረኝ። ዋጋውንም ጨምሮ ነገረኝ፤ የብዙ ወራት ደመወዜ ነበር። ፊቴ መለዋወጡን አይቶ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ደግሞስ ወንድሜ፣ አንድ ሺህ የግጥም አንባቢ ከየት ታመጣለህ?» አለኝ።

ደብተሬን ይዤ ተመለስሁ፤ ጥያቄውም ተከትሎኝ ቤት ገባ። በዚያው ሰሞን ስለ አገራችን ጋዜጦች አጀማመር ሳነብ «አእምሮ» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ በመጀመሪያው ዘመኑ በእጅ እየተገለበጠ በ24 ቅጂ ብቻ ይወጣ እንደነበረ አገኘሁ። ሃያ አራት! እኔ አንድ ሺህ አንባቢ አጣሁ ብዬ አንገቴን ስደፋ፣ የአማርኛ ጋዜጣ በሃያ አራት ቅጂ አሀዱ ብሏል። ይህ ጽሑፍ ያንን ቁጥር ተከትዬ የሄድሁበት መንገድ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ከጥንት እስከ ዛሬ፣ በዚህ ፊደል የሚጽፍ ሰው ጽሑፉን ለሰው ለማድረስ ምን ሲያደርግ ኖረ?

* * *

መንገዱ ከወረቀት በፊት ይጀምራል። በዋሸራም ሆነ በዋድላ፣ የቅኔ ተማሪ ከዳዊቱና ከአኩፋዳው በቀር ንብረት ሳይኖረው፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ «ይቆጥራል»። ቃሉን ልብ በሉልኝ፤ ቅኔ ይቆጠራል። ተማሪው የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፤ የኔታም የሚነቀፈውን ነቅፈው፣ የሚቃናውን አቃንተው ይመልሱታል። ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ያቃና ወደ ላይ እያደገ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። የቅኔ ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ በማኅሌት የሚቀርበው ቅኔ ለዕለቱ የተቆጠረ አዲስ ቅኔ መሆን አለበት፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ግጥም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰምቶ የሚያልፍ ግጥም፣ እንዴት ከአገር አገር ተዳረሰ? በሰሚው ነው። ከተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ምሥጢሩ የገባው ሰው ቅኔውን በቃሉ ይይዘዋል፤ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ሲሄድም ተሸክሞት ይሄዳል። ማተሚያው ጆሮ፣ መጽሐፉ ልቡና ነበረ ማለት ነው። ባለቅኔው ስንት ሰው እንደያዘለት ከቶ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ቢሆንም ይቆጥር ነበር።

በብራናው ዓለምም ቁጥሩ ከዚህ አይበልጥም። ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆና ወጥሮ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ብዕሩን ቀርጾ ወራት የሚደክመው ለአንድ ቅጂ ነው። ያ ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ያስጻፈው ሰው ወይም ደብር አለ። ጸሐፊው ሥራውን ሲጨርስ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን አስፍሮ፣ የሚያነቡትም የሚሰሙትም በጸሎት እንዲያስቡት ይለምናል። እኔ ይህን ልመና ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ የጸሐፊነት ረኃብ ነው። ቁም ጸሐፊው ከደመወዙ በላይ የሚፈልገው ነገር ነበረው፤ የማያውቀው አንባቢ እንዲያስበው ይፈልግ ነበር።

* * *

ከብራና ወደ ማተሚያ የተሻገርንበት የመጀመሪያው እርምጃ ግን በአገራችን ምድር ላይ አልተረገጠም። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ከወጡት መነኮሳት አንዳንዶቹ እስከ ሮም ይዘልቁ ነበር። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበራቸው። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው፣ ጀርመናዊ ካህን፣ በዚያ ዜማቸውን ሰምቶ ተማረከ፤ ከመነኮሳቱ አንዱ ከነበሩት ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ግን የቋንቋውን ስም ተሳስቶ «ከለዳዊ» ብሎ ጠራው።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ የነበሩት የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ለማሳተም ተነሡ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ወጣ። በውስጡ ለአንባቢ የተጻፈች አንዲት የይቅርታ ማስታወሻ አለች፤ ከብዙ ግጥም የበለጠ ልቤን የነካችው እርሷ ነች። አሳብዋ እንዲህ ነው፦ በመጽሐፉ ላይ ስሕተት ብታገኙ አትፍረዱብን፤ ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ማንበብ አያውቁም፤ እኛ ማንበብ የምናውቀው ደግሞ የማተም ሥራ አናውቅም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ለአፍታ ይዘህልኝ ቆይ። ከአገሩ እጅግ የራቀ መነኩሴ፣ ፊደሉን በማያውቁ ሰዎች እጅ፣ በማያውቀው መሣሪያ፣ ምናልባት ሊያየው ለማይችለው አንባቢ መጽሐፍ ሲያሳትም ይታይህ። ስሕተት እንዳለበት ያውቃል። ስሕተቱ ሁሉ እስኪታረም ልጠብቅ ቢል ግን መጽሐፉ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ይቅርታውን ጽፎ አወጣው። ከዚያ በኋላ የምንደርስበት ታሪክ ሁሉ የዚህች ማስታወሻ ተከታይ ሆኖ ይታየኛል።

* * *

አሁን ወደ 24 እንመለስ። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ማብቂያ ላይ በምፅዋና በከረን አካባቢ የሚሲዮን ማተሚያዎች ተተክለው ነበር። በአዲስ አበባ ግን ገና ነበር። በዚህ ጊዜ ከሐማሴን መጥተው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ያገለግሉ የነበሩት ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ማተሚያ እስኪመጣ አልጠበቁም። አሳባቸውን በወረቀት ላይ በእጅ እየጻፉ በከተማው ለሚያውቋቸው ሰዎች ማዳረስ ጀመሩ። ስለ ሥልጣኔና ስለ አገር አንድነት የሚናገረው ጽሑፋቸው አብዛኛው በግጥም ነበረ። የአማርኛ ጋዜጣ አባቱ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ እኔ በኩራት የምመልሰው «ባለቅኔ ነው» ብዬ ነው።

ቀጥሎም ግሪካዊው እንድርያስ ካቫዲያ እ.ኤ.አ. በ1902 ገደማ ያን ጋዜጣ አወጣ። «አእምሮ» የሚለውን ስም ያወጡለት ንጉሠ ነገሥቱ እንደሆኑ ይነገራል። መጀመሪያ ላይ በእጅ እየተገለበጠ ሃያ አራት ቅጂ ወጣ፤ በኋላ ምኒልክ የማባዣ መሣሪያ ሰጥተውት ቅጂው ወደ ሁለት መቶ ከፍ አለ፤ ከዓመታት በኋላም በማተሚያ ለመታተም በቃ።

ሃያ አራት ጊዜ በእጅ መገልበጥ ምን ያህል እንደሆነ በወሬ ብቻ ማወቅ አልፈለግሁም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቡናዬን ጠጥቼ፣ አንዲት አጭር ግጥሜን አውጥቼ መገልበጥ ጀመርሁ። አንድ ገጽ ናት። እስከ አምስተኛው ድረስ ኩራት ነበረኝ። በሰባተኛው ጣቴ ዛለ። በዘጠነኛው ግን ያልጠበቅሁት ነገር ደረሰ፤ መገልበጡን ትቼ መሰረዝ ጀመርሁ። ዘጠኝ ጊዜ የጻፍሁት ቃል ዐሥረኛ ጊዜ ሊጻፍ የማይገባው መሆኑን እጄ ከዓይኔ ቀድሞ ዐወቀ። ግጥሟ ስትጀመር እንዲህ ነበረች፦

የሌላውን ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታ ስገባ ከቤቴ፣
የራሴን ዕድሜ ሲቆጥር ያድራል የማይተኛው አንጀቴ።

ዐሥራ አንደኛው ቅጂ ላይ እንዲህ ሆነች፦

የሰው ገንዘብ ቆጥሬ ውዬ ስገባ ከቤቴ፣
ዕድሜዬን ሲቆጥር ያድራል አንጀቴ።

ለዐሥር ዓመት በደብተር ውስጥ ያልታየኝ ነገር በአንድ እሑድ ድካም ታየኝ። ለካስ መገልበጥ አርትዖት ኖሯል! የቀድሞዎቹ ሰዎች እጃቸው ለዛለበት ቃል ይሳሱ ነበር። እኛ ግን አንዲት ቁልፍ ተጭነን ሺህ ቅጂ ስለምናወጣ፣ የማይረባውንም ቃል ሺህ ጊዜ እናባዛዋለን። ሃያ አራተኛውን ቅጂ ስጨርስ መሽቶ ነበር።

* * *

ማተሚያ በአገራችን ከተስፋፋ በኋላ ችግሩ የተቃለለ ይመስላል። አልተቃለለም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ የአማርኛ ልብ ወለድ በኵር የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው፤ ከአባ ተስፋ ጽዮን ከተማ። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ሲጀመር የዘመኑ ጸሐፍት ጽሑፋቸውን የሚያወጡበት መድረክ አገኙ። ከዚያ በኋላ ግን መጽሐፍ ማሳተም የፈለገ ደራሲ ብዙውን ጊዜ ወጪውን ራሱ ችሎ፣ መጽሐፉንም ራሱ ተሸክሞ የሚሸጥ ሆነ። «አሳታሚ፦ ደራሲው» የምትለው ቃል በስንቱ መጽሐፋችን ሽፋን ጀርባ እንዳለች መደርደሪያችሁን ተመልከቱ።

ገንዘብ ብቻውን ደግሞ አልበቃም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ግጥሞቻቸውን ቆመው ያነቡ ነበር፤ የታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» ያን ጊዜ ነው የተሰማው። እነዚህ ግጥሞች ከአዳራሽ የወጡት እንደ ቅኔው በሰሚው ልብ ነው፤ በታይፕ ተመትተውና ተባዝተውም ዞረዋል። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመንግሥት አሳታሚ ድርጅት በኩራዝ ታትሞ ከወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከየመደብሩ ተለቅሞ ሲሰበሰብ፣ ከእጅ ያመለጠው ቅጂ በድብቅ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ተላለፈ። በዓሉ ራሱ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ማተሚያው የመንግሥት ሲሆን መጽሐፉን መልሶ የሚውጠውም እርሱው ሆነ፤ መጽሐፉን ያተረፈው ግን ሸሽጎ ያዋሰው አንባቢ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ነገር ነው። በሥዕሉም በግጥሙም አዲስ መንገድ የከፈተው ይህ የሐረር ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት በአሜሪካ ኦክላሆማ ዐረፈ። ግጥሞቹ ተሰብስበው «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተሙት በ1998 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት! በዚያ ሁሉ ጊዜ ግጥሞቹን ከመጥፋት የጠበቃቸው ማነው? ማንም አላዘዛቸውም፤ ይወዱት የነበሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሃያ አራት ይብለጡ ወይም ይነሡ፣ አልቆጠርኋቸውም።

* * *

የኮምፒዩተር ዘመን ሲመጣ የአባ ተስፋ ጽዮን ችግር እንደ አዲስ ተመለሰ። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ፊደላችንን አያውቁም፤ ፊደሉን የምናውቀው መሣሪያውን አንሠራም። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ የእንግሊዝኛው ቁልፍ መደብ ደግሞ ሃምሳ የማይሞሉ ፊደላትና ምልክቶች ቁልፎች ነው ያሉት። ቀድሞ በታይፕራይተር ጊዜ ኢንጂነር አያና ብሩ ይህንኑ ችግር ፊደሉን ከነቅጥያው ከፋፍሎ በመምታት ሊፈቱት ደክመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካና በሌላም አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ፕሮግራሞችን ሠሩ። ምስጋና ይግባቸው።

ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ ሥፍራ አስቀመጠው። በአንዱ የጻፍኸው ግጥም ያ ፕሮግራም በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይወጣል። ዕድሜው የፈቀደለት ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ናፍቆቱን በግጥም ጽፎ ለወዳጁ የላከ ሰው «ምን ብለህ ነው? አልተነበበልኝም» የሚል መልስ ይደርሰው ነበር። አንዳንዶች ታክቷቸው አማርኛውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተስማሙ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የቀመሩት ሥርዓት፣ ስሙም እንደ አጋጣሚ «ሴራ» የሆነው፣ ትንሹን ቲ ለ«ተ»፣ ትልቁን ቲ ለ«ጠ» መድቦ ሰውን አገናኘ። ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ነው። የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚያሰፍረው ዩኒኮድ በሦስተኛው እትሙ 345 የግዕዝ ሆሄያትንና ምልክቶችን ተቀበለ። በባንክ ቋንቋ ልንገራችሁ፦ እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ የሒሳብ ቁጥር ተከፈተለት። የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ የ«ለ» 4616 ነው። ለየቤቱ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ ከሰባቱ በተጨማሪ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም በጅዳም ያው «ሀ» ሆነች። ባለ ግጥሙ አንድ ሺህ ቅጂ ሳይከፍል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በራሱ ገጽ ላይ ግጥሙን ማስቀመጥ ቻለ።

ይህም ቢሆን ጣጣ አላጣውም። እ.ኤ.አ. በ2006 በርካታ ገጾች ከአገር ውስጥ እንዳይታዩ ተዘጉ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑት ዳግም ተከፈቱ። ሰዎች በነጻ ገጻቸውን ይተክሉበት የነበረው ጂኦሲቲስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ሲዘጋ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የግል ገጾች አብረውት ወደሙ። ብራናው አምስት መቶ ዓመት ሲቆይ የእኛ ጽሑፍ ዐሥር ዓመት ለመቆየት ዋስትና የለውም። ዛሬም ቢሆን ጽሑፍን የሚያቆየው መሣሪያው ሳይሆን፣ «ይህ አይጥፋ» ብሎ የሚገለብጠው ሰው ነው።

* * *

ያን እሑድ የገለበጥኋቸውን ሃያ አራት ቅጂዎች ምን አደረግኋቸው? አደልኋቸው። ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለጎረቤት፣ ለእናቴ፣ አንዷንም ለቅርንጫፋችን ጥበቃ ለአባባ ሰጠኋቸው። አባባ በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ስለዚያ ዘመን ብዙ አያወሩም። ከሃያ አራቱ አብዛኞቹ «ቆንጆ ነው» ብለው አለፉ። ጥቂቶቹም ዝም አሉ። ማዘኔን አልደብቅም።

በሦስተኛው ሳምንት ማለዳ ስገባ አባባ ከበሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ያችን ወረቀት ለልጄ ላክኋት፤ አረብ አገር ናት፤ የሚሄድ ሰው አግኝቼ» አሉኝ።

«እና እርስዎ ምን ቀረዎት?» አልኋቸው።

«እኔማ ይዣታለሁ» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው በቃላቸው አወረዱልኝ፦

የሰው ገንዘብ ቆጥሬ ውዬ ስገባ ከቤቴ፣
ዕድሜዬን ሲቆጥር ያድራል ሌሊቴ።

«አባባ፣ እኔ ‹አንጀቴ› ነው ያልሁት» አልኋቸው።

«አውቃለሁ፤ አንጀት ይላወሳል እንጂ ይቆጥራል እንዴ? ቆጥሮ የሚያድረው ሌሊት ነው» አሉኝና በሩን ከፈቱልኝ።

ገብቼ መስኮቴ ላይ ተቀመጥሁ። የማተሚያ ቤቱ ሰው አንድ ሺህ አንባቢ ከየት ታመጣለህ ብሎኝ ነበር። ከየት እንደማመጣ ዛሬም አላውቅም። ሃያ አምስተኛውን ቅጂ ግን አግኝቼዋለሁ፤ በወረቀት ላይ አይደለም፣ ታርሟልም።

ቸር ይግጠመን።